የቆሻሻ ገንዳና የመኪና ማቆሚያ፡ በተናጠል የሚወሰን አንድ ጉዳይ

በአዲስ አበባ ከተማ የተደራጁ ማኅበራት ደረቅ ቆሻሻን ቤት ለቤት ሰብስበው በጋሪ ወደ ገንዳ ያደርሳሉ፤ ገንዳውን የጭነት ተሽከርካሪ አንሥቶ ወደ ማስወገጃ ሥፍራ ይወስዳል። ነዋሪው የአገልግሎት ክፍያውን ከውኃ ፍጆታ ሂሳብ ጋር ሲፈጽም ቆይቷል።

ይህ ሰንሰለት በቀላሉ የሚበጠሰው ገንዳው በተቀመጠበት መንገድ ዳር ነው። ከገንዳው ፊት አንድ አውቶሞቢል ከቆመ የጭነት ተሽከርካሪው ባዶውን ይመለሳል፤ ገንዳው ሞልቶ መንገዱን ያጣብባል፤ ትራፊኩም ይጨናነቃል። የመኪና ማቆሚያ የሚፈቅደው፣ ትራፊኩን የሚቆጣጠረውና ገንዳውን የሚያስቀምጠው አካል ግን የተለያዩ በመሆናቸው፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከደብዳቤ ልውውጥ አያልፍም።

በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች ዕቅዳቸውን ሲነድፉና ሲተገብሩ ዝቅተኛውን የአስተዳደር እርከንና የአካባቢውን ኅብረተሰብ እንዲያሳትፉ ይደነግጋል። የሚመለከታቸውን ሁሉ ሳያግባቡ መወሰን ከሠፈር ገንዳ ባለፈ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ሰንዳፋ አሳይቷል። በዚያ የተገነባው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በአርሶ አደሮች ተቃውሞ ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ከ50 ዓመት በላይ ወዳገለገለው ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ለአደጋው ይህ ብቻ ምክንያት ነው ባይባልም፣ ክምሩ ላይ መደፋቱ መቀጠሉ ግን የማይካድ ነው።

በወረዳ ደረጃ የሚፈለገው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ የገንዳው ሥፍራ፣ የማንሻው ሰዓትና በዚያ ሰዓት መኪና ማቆምን የሚከለክለው ምልክት በአንድ ውሳኔ ይጽደቁ፤ አፈጻጸሙንም አንድ ኃላፊ ይከታተለው።