የስልካችሁ «የዛሬ ዋጋ» የየትኛው ቀን ነው?

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ወጣ ብዬ ስለ ቢሮ ስልካችሁ ላወራ ነው። ከዋጋው ግን አልራቅኩም።

አንዳንድ ዩኒየኖችና ላኪዎች ሰው ስልኩን ከማንሳቱ በፊት በሚሰማው ድምፅ ላይ የዕለቱን መግዣ ዋጋ ያስገባሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬ ይህን ቻናል አያይም፣ መደወል ግን ይችላል። ችግሩ ድምፁ «የዛሬ ዋጋ» ይላል እንጂ ቀኑን አይናገርም። አንድ ዩኒየን ጋ ማክሰኞ ደወልኩ፣ ሐሙስም ደወልኩ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ዋጋ፣ ያው «ዛሬ»። ሐሙስ በር ላይ የሚከፈለው ግን ሌላ ነበር። እሸት ቡና ጭኖ የመጣ ሰው ደግሞ ይዞት አይመለስም፤ ቶሎ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። የተሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ያረጀ ዋጋ ከሚያሰማ ስልክ ዝም ብሎ የሚጠራው ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ለዋጋው ቅጂ ዕድሜ ስጡት። የኒውዮርክ ቡና በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ እነሱ በክረምታቸው ሰዓት ሲቀይሩ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጠዋት የተቀረጸ ዋጋ ያን ሰዓት ማለፍ የለበትም። አስተሪስክን ጨምሮ ብዙዎቹ የቢሮ ስልክ ሲስተሞች በቀንና በሰዓት ድምፅ መቀያየር ይችላሉ፤ ሲመሽ «የዛሬው ዋጋ አብቅቷል፣ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይደውሉ» የሚለው ይምጣ። ሰላምታውን አንዴ ለብቻ፣ ዋጋውን በየቀኑ ለብቻ ቅረጹ። ሰላምታው ደግሞ ይጠር! የሥራ አስኪያጁን ንግግር ሒሳብ የሚከፍለው ደዋዩ ነው።

አነጋገሩም ላይ ጉድ አለ። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው፤ የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ይቆረጣል። ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሦስቱም በዚያው ድምፅ ነው የሚጀምሩት። ገበያ መሃል ቆሞ ለሚሰማ ሰው «ስድሳ ብር» ብቻ አይበቃም፤ «ስድሳ፣ ስድስት ዜሮ» በሉና ድገሙት። በኪሎ ይሁን በፈረሱላ ወይስ በኩንታል ሳትናገሩ አትለፉ፤ 17 ኪሎና 100 ኪሎ አንድ አይደሉም። ቋንቋውም የገበሬው ይሁን፤ የ8028 የግብርና ምክር መስመር እንኳ በአማርኛ ብቻ አልተወሰነም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማን ይቀርጻል የሚለው ነው። ብዙ ሲስተም ላይ ከቢሮው ስልክ ኮድ ደውሎ የድሮውን አጥፍቶ አዲስ መቅረጽ ይቻላል። ኮዱን የጥበቃ ሠራተኛውም ደላላውም ካወቀው፣ ለግማሽ ቀን ዝቅ ያለ ዋጋ አስነግሮ ከመንገድ ላይ ቡና መሰብሰብ ቀላል ነው። የይለፍ ቁጥሩ ሁለት ሰው ጋ ይሁን፤ አንዱ ይቅረጽ፣ ሌላው ከውጭ በሞባይል ደውሎ ያዳምጥ። የትላንቱን ድምፅም አታጥፉት፤ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ገበሬው «ስልካችሁ እንዲህ ብሎኛል» ብሎ ሲመጣ አብራችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሲስተሙን የተከለላችሁ ባለሙያ የሰጣችሁ ቁጥር እስከዛሬ 1234 ከሆነ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ቀይሩት።