የዳኛ ወንበርና የጎረቤት ቍጣ

በአሜሪካ አገር በፌዴራል ዳኞች ላይ የሚደርሰው ዛቻ በዛሬው ጊዜ የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆኖአል። የዚያ አገር ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኛ በመልካም ጠባይ እስከ ጸና ድረስ ከወንበሩ እንዳይሻር፥ ደመወዙም እንዳይጐድልበት ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ዳኛውን ከሹማምንት ቍጣ ይጠብቀዋል፤ ከጎረቤቶቹ ቍጣ ግን አያስጥለውም። ለዚህም በደቡብ ካሮላይና በቻርልስተን ከተማ የነበሩት ዳኛ ዋይቲስ ዌሪንግ ምስክር ናቸው።

ዌሪንግ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዚያችው ከተማ ከቆየ የነጮች ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ አባታቸውም ባርነት እንዳይቀር በተዋጋው በደቡቡ ጦር የዘመቱ ነበሩ። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዳኛ አድርገው ሲሾሙአቸው ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ስለ ነበረ፥ የአገሩን ልማድ ይነካሉ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ልባቸውን ያናወጠው በ1946 የቀረበላቸው ክስ ነው። አይዛክ ውዳርድ የተባለ ጥቁር ወታደር ከጦሩ ተሰናብቶ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ሲጓዝ ከአውቶቡስ ወርዶ ተደበደበ፤ ሁለት ዓይኖቹም ጠፉ። የደበደበው የፖሊስ አለቃ ተከሰሰ፤ ነጮች ብቻ የነበሩት የጁሪ አባሎች ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነጻ ነው ብለው ለቀቁት። ዌሪንግ ያን ብይን የሚሽሩበት ሥልጣን አልነበራቸውም። ሥልጣናቸው በሚደርስበት ግን ከዚያ ወዲያ ዝም አላሉም፤ በ1947 ጥቁሮች በዴሞክራት ፓርቲ የእጩዎች ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ የሚከለክለውን ደንብ ሻሩ። በዚያ ዘመን በግዛቲቱ ይህ ፓርቲ ያጨው ሰው ማሸነፉ የማይቀር ነበርና፥ ከእጩዎች ምርጫ የተከለከለ ሰው ድምፅ እንደሌለው ይቈጠር ነበር።

ወዳጆቻቸው ሰላምታ ነፈጉአቸው፤ በ1950 ቤታቸው በድንጋይ ተመታ። ከሹማምንቱም ይሻሩ ብለው የጮኹ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ስለ ጠበቃቸው ግን አልተሻሩም። እርግጥ ነው፥ በ1945 ሚስታቸውን ፈትተው ሌላ ማግባታቸው በከተማው ሐሜት አስነሥቶባቸው ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፍቺ ተብሎ የሰው ቤት በድንጋይ አይደበደብም።

በ1951 የክላረንደን አውራጃ ጥቁር ወላጆች የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከነጮቹ መለየቱን ተቃውመው ሲከሱ፥ ከተሰየሙት ሦስት ዳኞች ሁለቱ መለየቱን አጸኑ። ዌሪንግ ብቻቸውን፥ መለየቱ ራሱ ማበላለጥ ነው ሲሉ የተቃውሞ ሐሳባቸውን ጻፉ። በማግሥቱ ዓመት በጡረታ ወጥተው ወደ ኒውዮርክ ሄዱ። በ1954 ይኸው ጕዳይ ከሌሎች ጋራ ተጣምሮ የቀረበለት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ወደዚያው ሐሳብ ደረሰ።

ዌሪንግ በ1968 ሞተው በቻርልስተን ሲቀበሩ ከቀባሪዎቹ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። በ2015 የከተማይቱ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ። ሕንፃው አስቀድሞ በሴናተር ሆሊንግስ ስም ይጠራ ነበር፤ ስሙ ተነሥቶ የዌሪንግ እንዲተካ የጠየቁትም በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ሴናተሩ ራሳቸው ናቸው።