የኔ ቢጤ ከደጅ ወይስ ከማዕድ?

ሚያዝያ 23 በደረሰ ቁጥር በአራዳ ጊዮርጊስ ሁለት ዓይነት ሰልፍ ይታያል። አንደኛው ድፎ ዳቦና ጠላ ተሸክሞ ወደ ግቢው የሚገባው ነው። ሁለተኛው ከበሩ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ከውስጥ የሚወጣውን የሚጠብቀው ነው። ስለነዚህ ሁለት ሰልፎች በመኝታ ቤታችን የተነሣው ክርክር መብራት ከጠፋ በኋላም አላልቅ ስላለ፣ አሳባችንን በጽሑፍ ይዘን ቀርበናል።

ከመካከላችን የሌላ ሃይማኖት ተከታዮችም ስላሉ ሰንበቴ ምን እንደሆነ አስቀድመን እንግለጽ። ስሙ ከሰንበት የመጣ ነው። የአንድ ደብር ምእመናን ማኅበር ይገቡና ከቅዳሴ በኋላ በየተራቸው እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦና ጠላ ወደ ሰንበቴ ቤት ያመጣሉ። መሪያቸው ሙሴ ይባላል። ተራው የደረሰ አባል ጽዋውን ይረከባል፤ ድግሱን ካወጣ በኋላ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ካህናቱ ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪም ይሰጣል። ደሞዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ የለም። ወጡን የሚሠራው፣ ውሃውን የሚቀዳው፣ ሳህኑን የሚያጥበው አባሉ ራሱ ነው። ዝክር ደግሞ በአንድ ቅዱስ ስም የሚደገስ ነው። በየወሩ በ23 የጊዮርጊስን የሚዘክር ቤት ብዙ ነው፤ በዓመት ደግሞ ኅዳር 7፣ ጥር 18 እና ሚያዝያ 23 አሉ። ሚያዝያ 23 ፋሲካን ቀድሞ ከዋለ ማዕዱ የጾም ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ከዋለ ግን የወጡን ነገር ባናነሣው ይሻላል፣ የማሠልጠኛችን ሽሮ ሊያስጠላን ነው!

እንግዲህ ይህ ነገር በአራዳ ለምን ሥር ሰደደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ቦታውን ይመልከት። የአድዋ ጦርነት የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ዕለት ነበርና፣ አሁን የምናየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ የድሉ መታሰቢያ ሆኖ ተሠራ። ከአጠገቡ የአራዳ ገበያ ነበር። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ባሉበት ደግሞ ድሃ ይሰበሰባል። በወረራው ዘመን ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ፤ ገበያውንም ወደ ምዕራብ ወስዶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን አቋቋመ። ገበያው ሄደ፣ ድሃው ግን ከጊዮርጊስ በር አልሄደም።

በዚያው ዘመን ሌላም የሚያበላ ነበር፤ እርሱም ቤተ መንግሥቱ ነው። በምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው በማዕረጉ ቅደም ተከተል እየገባ ይበላ ነበር። መኳንንቱ አስቀድሞ፣ ተራው ሰው ኋላ። ቃሉን ልብ በሉት፤ ገበሬው ከጎተራው ያስገባውም ግብር ይባላል፣ ንጉሡ ያበላውም ግብር ይባላል። ያው እህል ነው፤ ዞሮ ሲመጣ ግን ምስጋናው የአብይው ሆኖ ይመጣል። ሰንበቴን ከዚህ የሚለየው ተራው ነው። ዛሬ ያበላ በሚቀጥለው ሳምንት ይበላል፤ ማንም ለዘለዓለም አብይ ሆኖ አይቀመጥም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ከርስተ ጉልት የምታገኘው ቀረ። በየደብሩ የሰንበቴው ሌማት ግን አልታጠፈም፤ ድሮውንም ከአባሉ ጓዳ የሚመጣ ነበርና።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ የኔ ቢጤው ለምን ከደጅ ቀረ? ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ነዳያን ድርሻቸው አለ፣ ይሰጣቸዋል፣ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን የሚሰጠው ከተበላ በኋላ፣ በእጅ፣ ከበር ውጭ ነው። «የኔ ቢጤ» ማለት እኮ እንደ እኔ ያለ፣ እኩያዬ ማለት ነው። ቃሉን የፈጠሩት አባቶቻችን ምን ያህል አስበው እንደተናገሩት እንጃ፤ እኛ ግን እኩያችንን ከደጅ እናስቀምጣለን። የጎዳና ልጆች የሆቴል ትራፊ ሲበሉ «ቡሌ» ይሉታል። የበዓል ዳቦ ቁራሽም ከበር ውጭ ሲደርሳቸው ከቡሌ የሚለየው መባረኩ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አዲሱ ፋሽን ነው። በገናና በፋሲካ ዋዜማ ድንኳን ተክሎ፣ ካሜራ ደቅኖ፣ የሚጎርሰውን ሰው ፊት እያሳዩ ማብላት ተለምዷል። መብላታቸው ደስ ይለናል፤ የተራበ ሰው ካሜራ አለ ብሎ አይመለስም። ይሁንና ጎረቤቱ ያየዋል፣ ልጁ ያየዋል። ኧረ እኛ ራሳችን ስንበላ ፎቶ ቢያነሡን እንሸማቀቃለን!

ለወደፊት መምህራን የሚሆን ምሳሌ ከራሳችን ሙያ እናምጣ። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ልጆቹ የሚበሉት አብረው፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ምግብ ነው። የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ከሳህኑ መለየት አይቻልም። በመስቀል አደባባይ በረመዳን የሚደረገውም የጎዳና ኢፍጣር እንዲሁ ነው፤ ያለውም የሌለውም በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ያፈጥራል። ወደ ውጭ ብንሄድ በሮም ከተማ የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር አባላት በ1982 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት ሃያ ያህል ድሆችን ጋብዘው ጠረጴዛውን የዘረጉት ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበር። ዛሬ ያ ምሳ በብዙ አገሮች ይደረጋል። ሃያ ሰው ብቻ! ከአንድ ክፍላችን ተማሪ ቁጥር ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ከሰንበቴ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ይርቅ የነበረ አባል አሁን ጠላና ዳቦ ይዞ በሁለት ታክሲ መምጣት አለበት። አረጋውያን እናቶችማ እንኳን ድስት ሊሸከሙ ለራሳቸውም መሳፈሪያ ማግኘት ይቸግራቸዋል። ጽዋውን የሚረከብ እየሳሳ ከሄደ ደግሞ የሚጎዳው ቄሱ ወይም አባሉ አይደለም፤ ከበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጠው ነው። እርሱ ጊዮርጊስን ትቶ የትም አይሄድም።

ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። ነዳያኑ የሰንበቴው አባል ይሁኑ። «ድሃ ምን ያወጣል?» የሚሉ እንደማይጠፉ እናውቃለን። ውሃ ይቀዳል፣ ሳህን ያጥባል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል፣ አቅመ ደካማ ከሆነም ሌላው እንደሚመርቅ ይመርቃል። ተራ ካለው አባል ነው፤ አባል ከሆነ ደግሞ ከውስጥ ይቀመጣል። ይህን የሚወስኑት ሙሴዎቹና አባላቱ ናቸው እንጂ እኛ ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች አይደለንም። እኛ ልንሰጥ የምንችለው ጉልበት ነው። የታክሲው ነገር ላስቸገራቸው እናቶች ድስት መሸከም አያቅተንም።

መምህራንም ቢሆኑ «ማኅበረሰብና ትምህርት ቤት» እያሉ ከሚያስጽፉን ማስታወሻ አንድ ቀን ቀንሰው አብረውን ቢወጡ ቅር አይለንም። በዓሉን አገር ቤት ሄዶ ማሳለፍ ያልቻለ፣ ሽንኩርት መላጥና ዕቃ ማጠብ የማይሰለቸው ሰልጣኝ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ ጽሑፍ በታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍ። የወጥ ቤቱን ቢላዋ አናውሰውም ስለተባልን የሚመጣ ሁሉ የራሱን ይዞ ይምጣ።