ብርሃን ዘኢትዮጵያ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መልአክ ስም ቢያወጣ ስሙን በሥራ የሚሞላው ባለቤቱ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉት ከየጁው ራስ ጉግሣ ዘር ናቸው። ጣይ ማለት ፀሐይ ነው። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተባሉ፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ብርሃን ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ይህ የማኅተም ጌጥ ነው፤ ንግሥት ሁሉ ትመሰገናለች» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው መልስ የሚሆነው የመቀሌ ውሃ ነው።

በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ወታደሮች በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ መሽገው ነበር። የኢትዮጵያ ሠራዊት በድፍረት ገጠማቸው፤ ነገር ግን ግንቡና መድፉ ብዙ ጀግና ፈጀ። ድፍረት አልጎደለም፤ ድፍረት ብቻውን ግን ግንብ አያፈርስም። እቴጌ ጣይቱም ጠላት የሚጠጣው ውሃ ከግንቡ ውጭ መሆኑን አስተውለው፥ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ። ምንጩም ተያዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃ ጥም የጸናበት ጠላት ምሽጉን ለቆ ወጣ። ሰይፍ ያልከፈተውን በር ማስተዋል ከፈተው።

የጉና ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ርብና ጉማራ ከጉና ይወርዳሉ፤ ምንጭ ሲነጥፍ ከብቱም እርሻውም ምን እንደሚሆን ያውቃል። ውሃ በሁሉ ፊት ይፈስሳል፤ ኃይሉን የሚያየው ግን አስተዋይ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ደግሞ ሴቶች ውሃ ተሸክመው ተዋጊውንና ቁስለኛውን አጠጡ፤ እቴጌም ከጦሩ ጋር ነበሩ። በመቀሌ የተከለከለው ውሃ በዓድዋ ተሰጠ። መቼ መከልከል፥ መቼም መስጠት እንዲገባ መለየት የብርሃን ሥራ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ብዙ ሴቶች ፊደል በማይማሩበት ዘመን ማንበብና መጻፍ የተማሩ ነበሩ። ፊደል ብቻውን ጥበብን አይሰጥም፤ ዓይንን ግን ይከፍታል። ስለዚህ ሴት ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር አባት የቤቱን ኩራዝ በገዛ እጁ እንደሚያጠፋ ሰው ነው።

ልጆች ሆይ፥ መልካም ስም ዕዳ ነው፤ በሥራ ሲከፈል ክብር ይሆናል።