ኦቾሎኒው ሁሉ ከተጠበሰ ምን ይዘራል?

ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ በስኒ ተሰፍሮ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ ሳትገዙ አልቀራችሁም። ያቺ ፍሬ ለእኛ መክሰስ ናት። ለባቢሌ ገበሬ ግን የዕዳ መክፈያም፣ የልጅ ደብተር መግዣም፣ የከርሞ ዘርም ናት። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ኦቾሎኒ በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም፣ በምዕራብ ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት ይመረታል። አሸዋማ መሬት ይስማማዋል፣ የዝናብ እጥረትንም ከብዙ ሰብል የተሻለ ይቋቋማል። ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ ቅጠሉና ግንዱ ለከብት ይሆናል። ታዲያ እንዲህ ዓይነት ሰብል ያለው ገበሬ ምን ይጎድለዋል? ጥሩ ዘር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርት ሲሰበሰብ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋ ይወርዳል። ዕዳ ያለበት ገበሬ ግን ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አይችልም፤ ይሸጣል። የተረፈችውን ከነቅርፊቷ በጆንያ ያስቀምጣል። ክፉው ወር ሲመጣ ጆንያው ይፈታል። ዝናቡ ሲገባ ያው ሰው ገበያ ወጥቶ በርካሽ የሸጠውን በውድ ይገዛል። የሚገዛው ደግሞ ለመብል የቀረበ፣ ዝርያው የተደባለቀ፣ ስንት ጊዜ እንደተከማቸ የማይታወቅ ፍሬ ነው። ኦቾሎኒ ዘይታም ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል። ገንዘብ ወጥቶ፣ መሬት ታርሶ፣ ግማሹ ሳይበቅል ቢቀርስ ማን ይከፍላል?

የተሻሻለ ዝርያ ጠፍቶ አይደለም። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዝርያዎችን አውጥተዋል። የጎደለው ከምርምር ጣቢያው እስከ ገበሬው ማሳ ያለው መንገድ ነው።

መንገዱ ለምን ጠፋ? እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሄክታር በቆሎ ለመዝራት 25 ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል። ለኦቾሎኒ ግን የተፈለፈለ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ያስፈልጋል። ከአንድ ሄክታር ከነቅርፊቱ 15 ኩንታል ኦቾሎኒ ቢገኝ፣ ሲፈለፈል 10 ኩንታል ገደማ ነው፤ ይህ 10 ሄክታር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያዘራል። ያው 10 ኩንታል የበቆሎ ዘር ቢሆን 40 ሄክታር ይሸፍን ነበር። በዚያ ላይ ዲቃላ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ በየዓመቱ ዘር ለመግዛት ይመለሳል። ኦቾሎኒ ግን ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ አንዴ ጥሩ ዘር ያገኘ ሰው ለተወሰኑ ዓመታት ከራሱ ማሳ መርጦ ይዘራል። ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ ለኩባንያው ግን ደንበኛ ማጣት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የዘር ኩባንያ ቢኖረኝ እኔም አልገባበትም። ክፍል ውስጥ «የገበያ ጉድለት» ብለን የተማርነው ነገር ይሄ ነው።

«ገበሬው ድሮም ዘሩን ራሱ ያስቀምጥ የለ? ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። ማስቀመጡ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያስቀምጠው ጥሩ ዘር መጀመሪያ ከየት ይምጣ? ስንዴም እኮ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ በሄክታር ከኦቾሎኒ ያላነሰ ዘር የሚፈልግ ሰብል ነው። ለስንዴ ግን የመንግሥት ዘር አባዢዎች አሉለት። ለስንዴ ከተቻለ ለኦቾሎኒ የማይቻልበት ምክንያት የለም። የጎደለው ትኩረት ነው።

ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ምርምር ማዕከላት በቂ መሥራች ዘር እንዲያወጡ ወረዳዎችና የገበሬ ማኅበራት ፍላጎታቸውን ቀድመው በውል ያሳውቁ። ያለ ትዕዛዝ ማንም አያባዛም።

ሁለተኛ፣ ዘሩን የሚያባዙት እዚያው አካባቢ ያሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሁኑ። «ጥራቱ የታወጀ ዘር» የሚባለው አሠራር ለዚህ ይመቻል፤ ቁጥጥሩ ቀለል ያለ ነው፣ የትራንስፖርት ወጪም ይቀንሳል። «ለማጭበርበር በር ይከፍታል» የሚለው ስጋት ውሸት አይደለም። ስለዚህ የመብቀል ፍተሻ አይዘለል፣ በጆንያው ላይም የአምራቹ ስም ይጻፍ። ሻጩ ጎረቤት ሲሆን ደግሞ መጠየቂያው ቅርብ ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ገንዘቡ በምርት ወቅት ይድረስ። ማኅበሩ ለዘር የሚሆነውን ሲረከብ ከፊሉን ክፍያ ወዲያው ካልሰጠ፣ ዕዳ ያለበት አባል ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ አይፈረድበትም።

በመጨረሻ፣ ዘሩ በትንንሽ ከረጢት ይሸጥ። አንድ ኩንታል መግዛት የማይችል ሰው አምስት ኪሎ ገዝቶ ከማሳው ጥግ ላይ ይዘራዋል፤ የዚያ ምርት የከርሞ ዘሩ ይሆናል። ያ ገበሬ ለሁለት ለሦስት ዓመት ዘር ሊገዛ ባይመለስ፣ ሽያጭ ወረደ ብለን አንዘን። ሥራው የተሳካው ያኔ ነው።

የምግብ ዘይት በውጭ ምንዛሪ እየገዛን፣ የዘይት ሰብል ያለው ገበሬያችን ዘር አጥቶ ለመብል የመጣውን ይዘራል። ከምንጠብሰው ላይ ለዘር የሚሆነውን አስቀድመን ማስቀረት ያን ያህል ይከብዳል?