ልምድ ይበላል እንዴ?

ቢዮ አዋሌ ያለችው እናቴ «አፈር ለመቆፈር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው? የአባትህ ማሽላ መች አነሰህ!» ትለኛለች። እውነቷን እኮ ነው። ማሽላው ቢያንስ በዓመቱ ይከፍላል!

ከድሬዳዋ ከተማ ጥግ ፖርክ-ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933፣ ኋላም በ1970ዎቹ ተቆፍሯል። ከውስጡ የወጣው ቀይ የቀለም ድንጋይ 40 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ነው። ከ4 ሺህ በላይ ስባሪ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተመዝኗል፤ 40 ኪሎ! የቆፋሪውን ውሎ ግን ማን ይቁጠረው?

እኔ በአርኪኦሎጂ ዲግሪዬን ይዤ የገባሁበት የመስክ ሥራ (የማን እንደሆነ ልተወው) «ተለማማጅ» አለኝ። ውል የለ፣ አበል የለ። አፈር የሚነፋው የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን ሲቀበል ለእኔ የተከፈለኝ «ልምድ» ነው። እስቲ ልምድ ይዛችሁ ዳቦ ቤት ሂዱ! ጓደኛዬ ከአፋፍ ተንሸራቶ ክንዱ ሲሰበር ያሳከመው የገዛ ኪሱ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ተለማማጅ» የምትለዋ ቃል ለምን እንደተፈለገች አሁን ገባችሁ?

የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣን አንድ ወረቀት ይጨምር፤ የወጣት ባለሙያዎቹን የተፈረመ የሥራ ውል። ውል ያላያዘ ማመልከቻ ይመለስ። ይኼ ምን ይከብዳል?

እናቴ ግን አጨዳ ስለደረሰ ቶሎ ና ብላ ልካብኛለች።