«አትውለጂ» ማለት ምክር ነውን?

አንዲት የትምህርት ጓደኛችን መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ በኋላ ምክር ፍለጋ ከአንድ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። የጠየቀችው «ወደፊት አግብቼ ልጅ መውለድ እችላለሁን?» የሚል አንድ ጥያቄ ነበር። የተሰጣት መልስም አጭር ነበር፤ «ለራስሽ ጤና አስቢ፤ የልጅን ነገር ተዪው» ተባለች። መልሱ ከቅን ልቡና የመጣ ለመሆኑ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ቅንነት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ምክሩ ጊዜ ያለፈበት ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የሚገባው ኃይል ተሳስቶ በገዛ ወገኑ ላይ ይነሣና በአንጎልና በሕብለ ሠረሰር ውስጥ ያሉትን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ያጠቃል። በዚህ ምክንያት ዓይን ይደበዝዛል፤ እግር ይከብዳል፤ እጅ ይደነዝዛል፤ ድካም ይበረታል። ሕመሙ በብዙዎች ዘንድ ለጊዜው ይተውና ደግሞ ያገረሻል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ይህ ዕድሜ የትምህርት፥ የትዳርና የወሊድ ዕድሜ ስለሆነ ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙ ሐኪሞች እርግዝና ይህን ሕመም ያባብሰዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ፍርሃቱን በቁጥር የመረመረ አንድ ትልቅ ጥናት በ1998 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ ወጣ። በ12 የአውሮፓ አገሮች የሚገኙ 254 ሴቶች በ269 እርግዝናዎች ጊዜ ሁሉ ሲታዩ ቆዩ። ከእርግዝና በፊት በነበረው ዓመት ሕመሙ ለአንዲት ሴት በአማካይ 0.7 ጊዜ ያገረሽ ነበር። በእርግዝናው የመጨረሻ 3 ወራት ይህ መጠን፥ በዓመት ሲሰላ፥ ወደ 0.2 ወረደ። ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ወራት ግን ወደ 1.2 ከፍ አለ፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እንዲህም ሆኖ ከ10 እናቶች 7 ያህሉ በእነዚያ 3 ወራት አላገረሸባቸውም።

እንግዲህ እርግዝና ራሱ እንደ ተፈራው አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚያሻው የአራስነቱ ጊዜ ነው። «ሕመሜን ለልጄ አወርሳለሁ» የሚለው ስጋትም ቢሆን በልኩ ሊታይ ይገባዋል። ሕመሙ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች በሕይወት ዘመናቸው የሚያዙት 2 ወይም 3 ያህል ናቸው፤ የቀሩት አይያዙም።

ትልቁ ጉዳይ የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ቴሪፍሉኖማይድ የተባለው ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ከሰውነትም በቶሎ ስለማይወጣ አስቀድሞ በሌላ መድኃኒት ተጠርጎ መውጣት አለበት። ፊንጎሊሞድ ከማርገዝ ቢያንስ 2 ወር በፊት ይቆማል፤ ነገር ግን ሲቆም ሕመሙ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ስለሚችል ምትኩ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። በሌላ በኩል ኢንተርፌሮን ቤታና ግላቲራመር አሴቴት አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ በእርግዝናም ጊዜ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ከዚህ የምንረዳው ምክክሩ ከእርግዝና በፊት መደረግ እንዳለበት ነው። አርግዛ የተገኘችም ብትሆን ደንግጣ መድኃኒቷን በራሷ ፈቃድ ከመጣል ወይም ከመቀጠል ይልቅ ዕለቱን ሐኪሟን ማማከር ይገባታል።

ስለ ጡት ማጥባትም «ወይ መድኃኒት፥ ወይ ጡት» የሚል ችኩል ፍርድ ይሰማል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ግምገማ 24 ጥናቶችንና 2,974 ሴቶችን አሰባስቦ ሲመለከት ባጠቡት እናቶች ላይ ሕመሙ ያገረሸው ካላጠቡት ባነሰ መጠን ነበር። ሕመማቸው ቀለል ያለው ይበልጥ ስለሚያጠቡ ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ቢነሣም፥ ማጥባት ጎጂ ነው የሚያሰኝ ነገር ግን አልተገኘም። ኢንተርፌሮን ቤታና ግላቲራመር ለምታጠባ እናት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ፊንጎሊሞድና ቴሪፍሉኖማይድ ግን አይሰጡም። ሕመሟ የበረታባት እናት ኃይለኛ መድኃኒት በቶሎ መጀመር ካስፈለጋት የዱቄት ወተት ብትመርጥ ማንም ሊነቅፋት አይገባም። ለልጁ ጤነኛ እናትም ታስፈልገዋለችና።

አሁን ወደ አገራችን ኑሮ እንመለስ። አራስን ማረስ፥ ገንፎ ማገንፋት፥ ተሰብስቦ መጠየቅ ያማረ ልማዳችን ነው። ለእንዲህ ያለችው እናት ደግሞ እጥፍ ይጠቅማታል፤ እንቅልፍና ዕረፍት ያስፈልጓታልና። ሆኖም ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በር መስኮቱ ተዘግቶ ቤቱ ሲግል፥ ሙቀት የዚህን ሕመም ምልክቶች ለጊዜው እንደሚያባብስ መታወቅ አለበት። እግሯ ሲከብድ፥ ዓይኗ ሲደበዝዝ ያየ ቤተ ሰብ መጀመሪያ መስኮቱን ይክፈት፤ ካልተሻላት ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይውሰዳት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛይቱ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። 90 ቀን ሕመሙ ከሚበረታባቸው 3 ወራት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ተማሪ ሠራተኛ ስላይደለች አዋጁ አይደርስላትም። እርሷን የሚደርስላት የመምህራኖቿና የጓደኞቿ ማስተዋል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች «አትውለጂ» የሚለውን ቃል ከመድገማችሁ በፊት የዛሬውን ዕውቀት አጥኑ። ሁለተኛ፥ የነርቭ ሐኪሙና የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሙ እናቲቱን በየፊናቸው ከሚያመላልሷት አንድ ላይ ተቀምጠው ይምከሩላት። ሦስተኛ፥ መምህራኖቻችን ለአራስ ተማሪ ፈተናዋን ቢያንስ 3 ወር ያቆዩላት፤ እኛም የትምህርቱን ማስታወሻ እየጻፍን እናድርስላት።

መውለድም ሆነ አለመውለድ የእርሷ ፈንታ ነው። ጓደኛችን ግን የጠየቀችው ፈቃድ ሳይሆን ዕውቀት ነበር፤ ያን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆና ማጣት አልነበረባትም እንላለን።